ሲስተር ሲሄዱ ትምህርት ቤቱስ?

መልእክቱ የመጣው ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ነበር። ሁለት መስመር ብቻ ነው። ሲስተር በማኅበራቸው ውሳኔ ወደ ሌላ ከተማ መዛወራቸውንና አዲስ ርእሰ መምህርት ከመስከረም ጀምሮ ሥራ እንደሚይዙ ይገልጻል። ከዚያ በኋላ ስልኬ እስከ እኩለ ሌሊት ዝም አላለም። አንዲት እናት የሚያለቅሱ ፊቶች ትደረድራለች፤ አንድ አባት «እኛ ሳንጠየቅ?» ይላል፤ ሌላው የምዝገባ ክፍያ ይመለስ እንደሆነ ያጣራል። እኔም በልቤ ሌላ ትምህርት ቤት ማማረጥ ጀምሬ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ልጆቻችሁን በቤተ ክርስቲያን ሥር በሚተዳደር ትምህርት ቤት የምታስተምሩ ከሆነ ይህ ስሜት አዲስ አይሆንባችሁም። ሲስተር ከ10 ዓመት በላይ ያንን ግቢ መርተዋል። ዝናብም ቢሆን ፀሐይ፣ ጠዋት 1:30 ላይ በር ላይ ናቸው። የእያንዳንዱን ልጅ ስም ያውቃሉ። የማን እናት እንደወለደች፣ የማን አባት ሥራ እንደለቀቀ፣ ማን ቁርስ ሳይቀምስ እንደመጣ ያውቃሉ። ክፍያ ያቃተው ወላጅ ቢሯቸው ገብቶ ያናግራቸዋል፤ ሲወጣ ፊቱ ፈክቶ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔ ትምህርት ቤት አልመረጥኩም፤ የመረጥኩት ሰው ነው።

ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ነገሩ መታየት ጀመረ። ወርክሺት አይመጣም፤ ለካ ፎቶ ኮፒ የሚፈቀደው በሲስተር ፊርማ ብቻ ኖሯል። ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች የሚቀመጡበት ካቢኔ ቁልፍ ከእሳቸው ጋር ሄዶ ኖሮ፣ በፖስታ ታሽጎ በአውቶብስ ተመለሰ። የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች በወረቀት ላይ አሉ፤ ተሰብስበው ግን አያውቁም። ልጆች ሲጣሉ መምህራኑ እንደ ልማዳቸው ወደ ቢሮ ይልኳቸዋል፤ ቢሮ ውስጥ የተቀመጡት ግን ልጆቹን ገና በስም የማያውቁ ሴት ናቸው። ገና ሳይደርስ ሁለት ጥሩ መምህራን የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ለቀቁ። አራተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ የሒሳብ ደብተሯ ለ3 ሳምንት ሳይታረም ከረመ። እኛ ወላጆች ጥፋተኛ ለመፈለግ ጊዜ አልፈጀብንም። አዲሷ ርእሰ መምህርት «አይችሉም» ተባሉ። እኔም ብያለሁ።

ያኔ ያልገባኝ፣ ነገሩ የተበላሸው በዚያ ዓመት አለመሆኑ ነው። ሁሉም ነገር በአንድ ሰው እጅ የሚያልፍበት ትምህርት ቤት ያ ሰው በር ላይ ቆሞ ሳለም ደካማ ነው። ድካሙን የሚሸፍነው የዚያ ሰው ትጋት ነው። ሲስተር ከማለዳ እስከ ምሽት የሚሮጡት ትጉህ ስለሆኑ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሌላ የሚሮጥ ሰው ስላልነበረም ነው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ በተሰጠበት ቅዳሜ አዲሷ ርእሰ መምህርት ያልጠበቅነውን አደረጉ። መምህራኑም ወላጆችም አዳራሹ ውስጥ ነበርን። ስለ ክፍያ የምንነጋገር መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ሲስተር እንነጋገር አሉ። ሲስተር ይሠሯቸው የነበሩትን ሥራዎች እየጠራን እሳቸው ሰሌዳው ላይ ይጽፉ ጀመር። ተረኛ መምህር መመደብ፣ የቀረ ልጅ ቤት መደወል፣ መጻሕፍት ማዘዝ፣ ፈተና ማየት፣ አዲስ መምህር ማለማመድ፣ የምሳ ዕቃ ረስቶ የመጣ ልጅ ማብላት፣ የሰርቪስ ሹፌሮችን መቆጣጠር፣ የተጣሉ መምህራንን ማስታረቅ። ሰሌዳው ሞላ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጠፈ፤ እሱም ሞላ። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጠው፣ ከእያንዳንዱ ሥራ ጎን የማን ስም ይጻፍ ብለው ጠየቁ።

አዳራሹ ጸጥ አለ።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዝምታ የራሱ ምክንያት አለው። ባለቤቱ ሀገረ ስብከት ነው፣ ወይም ገዳም፣ ወይም የመነኮሳት ማኅበር፣ ወይም አንድ አጥቢያ ነው። ርእሰ መምህሩን የሚሾመውም የሚያዛውረውም እሱ ነው። በሌላ የግል ትምህርት ቤት «ገንዘቡ የት ገባ?» ብሎ የሚጮህ ወላጅ፣ እዚህ ሲሆን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «አባን እንዴት እጠይቃለሁ?»፣ «ሲስተር ያወቁት ነገር ይኖራል»፣ «ፓስተሩ ጸልየውበታል» እንላለን። መምህሩም ቢሆን ሐሳብ ማቅረብ አለመታዘዝ እንዳይመስልበት ይፈራል። በተቃራኒው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለወላጅ ኮሚቴ ሥልጣን ብትሰጥ ዓላማዋ እንዳይሸረሸር ትሰጋለች። ይህ ስጋት መሠረት የሌለው ነው አልልም። እንግሊዝኛና የሰርቪስ ምቾት ብቻ የምንፈልግ ወላጆች ቦርዱን ብንሞላው ያ ትምህርት ቤት ለድሃ ልጅ የያዘውን ነፃ ቦታ እስከ መቼ ያቆየው ነበር?

ግን መታዘዝና አብሮ መምራት ይጣላሉ ያለው ማነው? በአዲስ አበባም በአዳማም የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤቶች ስማቸው የታወቀ ነው። እነዚህን ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድሩት የላሳል ወንድሞች ናቸው። የማኅበራቸው አጀማመር ለዚህ ጥያቄ ደኅና መልስ አለው።

መሥራቹ ዣን ባቲስት ደ ላሳል እ.ኤ.አ. በ1651 በፈረንሳይዋ ሬምስ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። ካህን ሆኑ፤ በከተማው ካቴድራልም ጥሩ ገቢ ያለው ማዕረግ ነበራቸው። ለድሃ ወንዶች ልጆች የሚከፈቱ ትምህርት ቤቶችን መርዳት ሲጀምሩ ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ውስጥ እንደሚቀሩ አላሰቡም። መምህራኑ በቂ ሥልጠና የሌላቸው፣ የሚከፈላቸው ትንሽ የሆነ ወጣቶች ነበሩ። ላሳል መጀመሪያ ማዕዳቸው ላይ አቀረቧቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1681 ደግሞ ቤታቸው አስገቧቸው። ዘመድ አዝማድ ተቆጣ። በማግስቱ ዓመት ራሳቸው የአባታቸውን ቤት ትተው ከመምህራኑ ጋር ሌላ ቤት ተከራዩ።

ከዚያ መምህራኑ ፊት ለፊት የነገሯቸው ነገር አለ። ላሳል በእግዚአብሔር ታመኑ፣ ስለ ነገ አትጨነቁ እያሉ ያስተምሯቸው ነበር። እነሱም እርስዎ ሀብትና ማዕረግ ስላለዎት እንዲህ ማለት አይከብድዎትም፤ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ግን ሜዳ ላይ የምንቀረው እኛ ነን አሏቸው። እንዲህ ያለ ቃል ከበታች ሠራተኛ ሲመጣ ስንቱ አለቃ ይታገሣል? ላሳል እ.ኤ.አ. በ1683 የካቴድራሉን ማዕረግ ለቀቁ። በተከተለው ክረምት ረኀብ ሲገባ ሀብታቸውን ለድሆች ዳቦ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ከመምህራኑ ጋር እኩል ደሃ ሆነው ነው የተነጋገሩት።

የትምህርት ቤቶቻቸው የአሠራር መመሪያም አንድ ሰው ክፍሉን ዘግቶ የጻፈው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1706 በእጅ የተጻፈው ረቂቅ ለዓመታት ሲያስተምሩ ከቆዩ ወንድሞች ጋር በተደረገ ምክክር የተዘጋጀ ነው፤ የታተመው መሥራቹ ካረፉ በኋላ በ1720 ነው። መመሪያው ለተማሪዎችም ሥራ ያከፋፍላል። ጸሎት የሚመራ አለ፣ ደወል የሚደውል አለ፣ ወረቀት የሚያድል አለ፣ የቀሩ ልጆችን ቤታቸው ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ አለ፤ የትምህርት ቤቱን ቁልፍ የሚይዝም አለ። ቁልፍ ያዡ ተማሪ ነው! ይህን ባነበብኩ ጊዜ በአውቶብስ የመጣውን የካቢኔ ቁልፍ አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን እ.ኤ.አ. በ1714 የሆነው ነው። ላሳል በፓሪስ በደረሰባቸው ክስና ውዝግብ ምክንያት ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ርቀው ነበር። ማኅበሩ ያለ መሪ ሲናጋ በፓሪስና በአካባቢዋ ያሉ ዋና ዋና ወንድሞች ኤፕሪል 1 ቀን ደብዳቤ ጻፉላቸው። ደብዳቤው ልመና አልነበረም። ለማኅበሩ አካል ለመታዘዝ ቃል ገብተዋልና በዚያ ቃል ተመልሰው አመራሩን እንዲይዙ አዘዟቸው። መሥራቹም የራሳቸውን ልጆች ትእዛዝ ተቀብለው በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ፓሪስ ገቡ። ከ3 ዓመት በኋላ ደግሞ በሕይወት እያሉ ወንድሞቹ ሌላ መሪ እንዲመርጡ አደረጉና፣ በ1719 እስኪያርፉ ድረስ ተራ ወንድም ሆነው ኖሩ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1950 የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ቅዱስ ያለቻቸው እኚህን ሰው ነው።

ወደ እኛ አዳራሽ ልመለስ። ዝምታውን የሰበረችው የአንደኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ናት። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ሰሌዳው ላይ ያልተጻፈ አንድ ሥራ አለ አለች። አራተኛ ክፍል የሚደርሱ ልጆች ጮክ ብለው ያነባሉ፤ ምን አነበባችሁ ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። ይህን ሁሉም መምህር ያውቃል። እያንዳንዳቸው ለየብቻቸው ለሲስተር ነግረዋል፤ ሲስተርም በደግነታቸው መጻሕፍት ገዝተዋል። አንድ ቀን እንኳ ግን ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ አራተኛ ክፍል ያሉት መምህራን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አያውቁም። አዲሷ ርእሰ መምህርት ጠመኔውን ሰጧትና ሥራውን ራሷ ጻፈችው፤ ከጎኑም ስሟን።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ መገናኘት ጀመሩ። እኔ በዚያ ሰሞን የወላጅ ኮሚቴ አባል ሆኜ ስለነበር (የተመረጥኩት ስለ ምሳ ቤቱ ብዙ ስለምነጫነጭ ነው) ሁለት ጊዜ ገብቼ ተቀምጫለሁ። መምህራኑ አንዱ የሌላውን ክፍል እየገባ ማየት ሲጀምር የተገኘው ነገር ቀላል ነበር። ልጆቹ ፊደልን የሚያውቁት እንደ መዝሙር ነው። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብለው እስከ መጨረሻው ያወርዱታል፤ «ሄ» ብቻዋን ስትጻፍላቸው ግን ከ«ሀ» ጀምረው እየቆጠሩ ካልሆነ አይደርሱባትም። አንዷ መምህርት በአንድ መንገድ ታስተምራለች፣ ከጎኗ ያለችው በሌላ፤ ልጁ ክፍል በተሻገረ ቁጥር እንደ አዲስ ይጀምራል። በመዋዕለ ሕፃናት ደግሞ አብዛኛው ሰዓት ለእንግሊዝኛ ተሰጥቷል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ እኛን ወላጆችን አሳፈረን፤ እኛው ስለጠየቅን ነው። ልጄ «አፕል» ማለት ቻለች ብለን ቪዲዮ የምንለዋወጥ እኛ ነን።

አዲሷ ርእሰ መምህርት በእነዚያ ሐሙሶች የሚቀመጡት በልጆች ወንበር ላይ ነው፤ ደብተር ይዘው። አይመሩትም፤ ይማራሉ። ይህን ያኔ እንደ ትሕትና ብቻ ነበር ያየሁት። ኋላ ግን የኒው ዚላንዷ ተመራማሪ ቪቪያን ሮቢንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡትን ሥራ አነበብኩ። ርእሰ መምህራን ከሚሠሯቸው ነገሮች ሁሉ በተማሪ ውጤት ላይ ትልቁ ለውጥ የታየው፣ ርእሰ መምህሩ የመምህራንን ትምህርት ሲያበረታታና ራሱም አብሮ ተቀምጦ ሲማር ነው ይላል። ዝና፣ ቁጣና በር ላይ መቆም አይደርሱበትም።

ስለ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች በተለይ ከተነሳ አንቶኒ ብራይክና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ያሳተሙት የአሜሪካ ካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ጥናት አለ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከድሃ ቤት ለሚመጡ ልጆች ጭምር የሚሠሩት ለምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ካገኟቸው መልሶች አንዱ ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ጠንካራ ትምህርት መሰጠቱ ነው። ሌላው እንደ ቤተሰብ የሚተያይ ማኅበረሰብ መኖሩ ነው፤ ሰውን የሚያነሳሳ የጋራ እምነትም አለ። አራተኛው ብዙ ሰው የሚረሳው ነው፤ ውሳኔ ከሩቅ መሥሪያ ቤት ሳይሆን እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ መወሰኑ። ይኸው ብራይክ ከባርባራ ሽናይደር ጋር በ2002 ስለ ቺካጎ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጽፍ ደግሞ፣ በአዋቂዎቹ መካከል መተማመን የሰፈነበት ትምህርት ቤት የመሻሻል ዕድሉ ከ2 አንድ፣ መተማመን የጎደለበት ደግሞ ከ7 አንድ መሆኑን አሳይቷል። መተማመን ስል ፈገግታ ማለቴ አይደለም። መምህሩ ችግሩን ሲናገር እንደማይቀጣ ማወቁ ነው፤ ወላጅም የተባለው ነገር እንደሚፈጸም ማወቁ ነው።

ይህ ሁሉ ለእኛ አገር ሩቅ ሐሳብ አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር የትምህርት ቤት መሻሻል መርሐ ግብርን በ1999 ዓ.ም ሲጀምር ከአራቱ ዐበይት ርእሶች ሁለቱ አመራርና የኅብረተሰብ ተሳትፎ ነበሩ፤ ሌሎቹ መማር ማስተማርና ምቹ የትምህርት አካባቢ ናቸው። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት፣ ማለትም ወተመህ፣ በየትምህርት ቤቱ አለ። ማኅተም አለው፤ ቃለ ጉባኤ አለው። ብዙ ጊዜ ግን የሚጠራው የክፍያ ጭማሪ ሲመጣ ነው። የእኛም እንዲሁ ነበር። ከእኔ በፊት የነበረውን ቃለ ጉባኤ ሳገላብጥ ከክፍያ ሌላ ያገኘሁት አጀንዳ የወላጆች ቀን መስተንግዶ ብቻ ነው።

ይህን ችላ ማለት የማንችልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። እነዚህ ቁጥሮች ወላጅን አስደንግጠዋል። የደነገጠ ወላጅ ደግሞ ጥሩ ስም ያለው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በር ላይ ይሰለፋል፤ ቦታ ካገኘ በኋላ እንዳያጣው ፈርቶ ምንም አይጠይቅም። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ እኔም ተሰልፌያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፤ እነዚህ ትምህርት ቤቶችም የሚያስተምሩት የአገሪቱን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ክፍሎቻቸው ውስጥ የኦርቶዶክስ፣ የካቶሊክ፣ የፕሮቴስታንትና የሙስሊም ልጆች አብረው ይቀመጣሉ። እንግዲያው ልጁ የክርስትናን መልክ የሚያየው ከመጽሐፍ ይልቅ ከአዋቂዎቹ አኗኗር ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ ሐሳብ ሲሰማ ያያል፤ ርእሰ መምህሩ «ተሳስቻለሁ» ሲሉ ይሰማል። አለዚያም የሁለቱን ተቃራኒ ያያል።

አብሮ መምራት ሲባል ግን ሁሉ ነገር ጣፋጭ አይምሰላችሁ። እኛ ዘንድ አንድ ሰሞን ሁሉም ጉዳይ ወደ ኮሚቴ ይመጣ ነበር፤ ለመጋረጃ ቀለም ሁለት ስብሰባ አደረግን። አንድ አባት ልጁ በቴስት 2 ማርክ ስለጎደለበት መምህሩ ይነሳልን ብሎ ሲከራከር፣ ጥቂቶቻችን ልንደግፈው ምንም አልቀረንም ነበር። አንዲት መምህርት የሐሙሱ ስብሰባ ያለ ክፍያ የሚሠራ ትርፍ ሥራ ነው ብላ አቆመች፤ ልክ ነበረች። ርእሰ መምህርቷ የመምህራኑን የተረኝነት ሰዓት ቀንሰው ለሐሙስ ጊዜ እስኪያገኙ ድረስ አልተመለሰችም። ሥራ እየጨመሩ ሥልጣንና ጊዜ አለመስጠት ሸክምን ማከፋፈል እንጂ አመራርን ማካፈል አይባልም። ደግሞም የማይከፋፈል ነገር አለ። የልጆች ደኅንነትና የገንዘብ ጉዳይ ላይ መጨረሻ የሚጠየቅ አንድ ሰው በስሙ መታወቅ አለበት፤ «ኮሚቴው ነው» የሚባል መልስ እዚያ ላይ አይሠራም።

ልጃችሁን ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ሕንፃውንና የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ከማየት ባለፈ ጥቂት ነገር ጠይቁ። ርእሰ መምህሩ አንድ ወር ቢታመሙ እዚህ ግቢ ውስጥ ምን ምን ይቆማል? ባለፈው ዓመት የተለወጠ አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ሐሳቡን ያመጣው ማነው? መልሱ ሁልጊዜ «እሳቸው» ከሆነ ልብ በሉ። ወላጅ ኮሚቴው ከክፍያ ሌላ ምን ላይ እንደተነጋገረ ቃለ ጉባኤውን ማየት ነውር አይደለም። ትምህርት ቤቱ በኢንስፔክሽን ከ1 እስከ 4 ካሉት ደረጃዎች የትኛውን እንዳገኘና ጉድለቱ ምን እንደተባለም ጠይቁ። ከቻላችሁ ደግሞ አንድ መምህር ለብቻው አግኝታችሁ፣ ሌላ መምህር ክፍሉ ገብቶ ሲያስተምር አይቶት ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። በፈገግታ ከመለሰ ጥሩ ነው። ዙሪያውን ከቃኘ ግን እናንተም አስቡበት።

እኛ ጋ ተአምር አልሆነም። የአራተኛ ክፍል ልጆች ዘንድሮም ሁሉም እኩል አይረዱም። ግን የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች በምሳ ሰዓት ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር ያነባሉ። አማቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ታዲያ የኔታ ቤት እኛንስ ፊደል ያስቆጠረን ትልቁ ተማሪ አይደል?» ብለው ሳቁብኝ። ሁለተኛ ክፍል ያለው ልጄ ማታ ማታ አንድ ገጽ ያነብና ለአባቱ በራሱ ቃል ይተርክለታል፤ አንዳንዴ ታሪኩን አሳምሮ ይለውጠዋል፤ አባቱም እያወቀ ዝም ይለዋል። ከካቢኔው ቁልፍ ሦስት ቅጂ ወጥቷል። አንዱ የአማርኛ መምህርቷ ጋ ነው።

ሲስተር ለፋሲካ መጥተው ነበር። ግቢውን ዞረው አዩ፤ ሐሙስ ስለነበር የመምህራኑ ስብሰባ ላይም ለጥቂት ደቂቃ ተቀመጡ። ሲወጡ በር ላይ ያዝኳቸውና እንዴት አገኙት ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ሳሉ እንዲህ ቢያደርጉት ኖሮ ማታ ማታ እንቅልፍ ይተኙ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ሰርቪስ ላይ የሚወጡትን ልጆች በስማቸው እየጠሩ መሰናበት ጀመሩ፤ አንዱንም አልረሱም።

ከባለቤቱ ማኅበር ጋር ግን ገና ያልጨረስነው ጉዳይ አለ። ርእሰ መምህር የመሾምና የማዛወር መብታቸውን አልነካንም። የጠየቅነው ዝውውሩ ቢያንስ ከአንድ ሴሚስተር በፊት እንዲነገረንና የሚሄደውና የሚመጣው ሰው ጥቂት ሳምንት አብረው እንዲሠሩ ነው። ደብዳቤውን ወላጆችም መምህራንም ፈርመንበታል። ፊርማዬን ሳኖር እጄ ትንሽ መንቀጥቀጡን አልደብቅም። መልሱ «እየታየ ነው» የሚል ነው። የሚቀጥለው የወተመህ ስብሰባ ቅዳሜ ጠዋት 3:00 ላይ ነው። አጀንዳው ሁለት ነው፦ የዚህ ደብዳቤ ጉዳይና በመዋዕለ ሕፃናት ለአማርኛ የሚጨመረው ሰዓት። ስለ ምሳ ቤቱም በልዩ ልዩ አነሳለሁ።